«ነይ ግቢ» የሚለው ቃል

በመቱ ከተማ ማመልከቻ ማስጻፍ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያፈላልገው እኔን ነበር። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከጎሬ እስከ ያዮ በራፖር ጸሐፊነት ከእኔ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሌሎቹ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ድረስ የዘለቀም በመካከላቸው ነበረ። እኔን ግን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት ቡና መጋዘን ስሠራ በጆንያ ላይ ከሚታተመው ጽሑፍ ነው። ንባብ የለመድኩት ደግሞ ባለሱቁ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ። የአንዱን ወሬ ግማሽ አንብቤ ቀሪውን ለማግኘት ሌላ ሰው ስኳር እስኪገዛ እጠብቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ አማርኛን እንደ ሸዋ ሰው እጽፋለሁ፤ ኦሮምኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ከጠበቆቹም የተሻለ ሕግ አውቃለሁ ብል የሚከራከረኝ አልነበረም።

የምሠራው በወረዳው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ቆይቶም አንድ የጽሕፈት መኪና። በረንዳው ላይ የምቀመጠው በወረዳው ሹም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በቃል የተሰጠ ነበር። ለሰው ሁሉ ወረቀት የምጽፍ ሰው ለራሴ ወረቀት አልነበረኝም።

ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይነግረኛል፤ እኔ ወደ አማርኛ አመጣዋለሁ። የትኛው ቃል የትኛውን ሹም እንደሚያራራ፣ የትኛው እንደሚያስቆጣ አውቅ ነበር። አንድ ቃል ሰው ያስፈታል፣ አንድ ቃል ሰው ያሳስራል እል ነበር። በብዕሬ ከእስር የወጡ ሰዎች ዛሬም ልጆቻቸው ሰላም ይሉኛል።

ልጄ የተወለደችልኝ በዚያ በደህናው ዘመን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ናት። መልኳ ያማረ፣ በጊዜዋ ዳዴ ያለች፣ በጊዜዋ የቆመች። የሰው ፊት ግን አታይም። ስንጠራት አትዞርም፤ ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅ ግን ከጓሮ ሆና ትሰማለች። መጥታ ክዳኑን ታነሣና መሬት ላይ ታሽከረክረዋለች፤ እስኪቆም ታየዋለች፤ ደግማ ታሽከረክረዋለች። ሦስት ዓመት ሞልቷት ቃል ሳይወጣት ሲቀር ሰው ሁሉ ዱዳ ናት አለ። በአምስት ዓመቷ ተናገረች። ባለቤቴ በደስታ እልል አለች። ገና ሳትጨርስ ልጅቷ ያንኑ እልልታ መለሰችላት፤ በእናቷ ድምፅ፣ በእናቷ ትንፋሽ።

ንግግሯ ሁሉ እንዲሁ ነበር። የሰማችውን እንደሰማችው ትመልሰዋለች። «ስምሽ ማነው?» ሲሏት «ስምሽ ማነው?» ትላለች። የገበያ ሴቶችን ድምፅ፣ የቄሱን ድምፅ፣ የእኔንም የሳል ድምፅ ሳይቀር ታወጣለች። ወፍጮ ቤት አጠገብ ስናልፍ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትወድቃለች። ወደ ሶር ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ትወዳለች፤ በዚያው መንገድ ሄዳ በዚያው ትመለሳለች፤ ሌላ መንገድ ከወሰድናት ታለቅሳለች።

ሁሉም ሰው የየራሱ ቃል ነበረው። ቄሱ መንፈስ ነው አሉ። ባለሱቁ ጂን ነው አሉ፤ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፣ ያን ያሉትም በሐዘን ነው። የባለቤቴ ወንድም ቡዳ ነው ብሎ ጠበል ቦታ ወስደን በሰንሰለት እናሳድራት እያለ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር ከጀርባዋ ቁልፍ አንኳኩቶ ደንቆሮ አይደለችም፣ ዱዳም አይደለችም፣ እኔ ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ የተማርኩት የለም ብሎ መለሰን። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ልጅቷ ረባሽ እንዳልሆነች ተናገረ፤ ነገር ግን ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት ስለማትችል መዝገብ ላይ ላሰፍራት አልችልም አለ። ዛሬ በስተርጅናዬ ሬዲዮ ስሰማ ስም እንዳለው አወቅሁ፤ ኦቲዝም ይሉታል። ያን ጊዜ ግን በቃል የምኮራው እኔ ለልጄ የሚሆን ቃል አጥቼ ነበር።

እኔ ያደረግኩት የማውቀውን ነው። ሰዋስው አስተምራት ጀመር። ውሃ ሲጠማት «ትጠጫለሽ?» ትላለች፤ እናቷ ኩባያ ይዛ እንዲያ ስለምትላት። «‹እጠጣለሁ› በዪ» እላታለሁ። «‹እጠጣለሁ› በዪ» ትለኛለች። «‹በዪ›ን ተዪው» እላታለሁ። «‹በዪ›ን ተዪው» ትለኛለች። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ጆሮዋን እቆነጥጥ ነበር። የወረዳውን ሰው ሁሉ አማርኛ ያቃናሁ ሰው የገዛ ልጄን አንዲት ግስ ማቃናት እንዴት ያቅተኛል እል ነበር።

ልጅቷ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ በሰኔ መግቢያ፣ ሹሙ ቤቴ መጡ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሲያልፉ ዝናብ ያዛቸውና ደጃፌ ላይ ተጠጉ፤ እኔም አልለቅም ብዬ አስገባኋቸው። ክብር ነበር። ባለቤቴ የያዮ ማር ጠጅ አቀረበች። ሹሙ ብርሌውን በእጃቸው ይዘው ሲያወሩ ልጄ ከጓዳ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። ዓይኗ ብርሌው ላይ ነው።

«ትጠጫለሽ?» አለቻቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወቅ አለብኝ። ሹሙ ጢም የማያበቅሉ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውም ቀጭን ነው። ገበያ ላይ በዚህ የተነሣ የሚወራውን ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸውን ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድን ሹም «አንተ» ማለት ድፍረት ነው። እኚህን ሹም «አንቺ» ማለት ምን እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል መጣበት። ልጅቷ ጠጋ አለች፣ በእናቷ ድምፅ፣ እያባበለች፦ «ትንሽ ትጠጫለሽ?»

እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ ሰዋስው ላርም ተነሣሁ። «‹ይጠጣሉ?› በዪ!» አልኳት።

«‹ይጠጣሉ?› በዪ!» አለቻቸው።

ብርሌውን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ጠጁ በሹሙ ኮት ላይ ፈሰሰ። እሳቸው አልጮኹም። ኮታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ በዚያች ቀጭን ድምፃቸው ተናገሩ።

«ልጅ የሚናገረው ከቤት የሰማውን ነው። እዚህ ቤት ስሜ ሲነሣ አንቺ ነው የምባለው?»

ማልሁ። ጉልበት ሳምሁ። ባለቤቴም ማለች። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ጤና የላትም ብለው አማለዱን። ሹሙ ዝናቡ ሳያባራ ወጥተው ሄዱ። በማግሥቱ ወደ ቢሮአቸው አስጠርተውኝ ፍርዳቸውን ነገሩኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅቷ መንገድ ላይ እንዳትታይ። ክረምቱ አልፎ የአዲስ አበባው መንገድ ሲደርቅ በመጀመሪያው የቡና ጭነት መኪና ወደ እብዶች ሆስፒታል ትሄዳለች፤ እሳቸው ሸኚ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ማመልከቻውን ግን የልጅቷ አባት ያቀርባል።

«አንተው ጻፈው» አሉኝ። «በዚህ አገር ካንተ የሚሻል ጸሐፊ የለም ሲሉ እሰማለሁ።»

ምስጋናው ደስ አሰኘኝ። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። እንቢ ብል በረንዳውን እንደማጣም አውቅ ነበር፤ ግን ከሁለቱ የትኛው አንገቴን እንዳስደፋኝ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

በቆሎና ቡና የምናስቀምጥባት አንዲት ክፍል ነበረችን። ከላይ ትንሽ መስኮት አላት፤ በሩ ከውጭ በመወርወሪያ ይዘጋል። ልጄን እዚያ አስገባናት። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የኢሉባቦርን ዝናብ የማያውቅ ሰው ክረምት አውቃለሁ አይበል። ቀንም ሌትም አያቋርጥም፤ ግድግዳው ያብባል፣ ጫማ ይሻግታል፣ የበደሌ መንገድ ይቆረጣል፣ ፖስታ ይቀራል። ከተማው በሙሉ እንደተዘጋ ቤት ነው። በተዘጋው ከተማ ውስጥ የእኔ ቤት፣ በቤቴ ውስጥ የተዘጋች ክፍል፣ በክፍሏ ውስጥ ልጄ።

በረንዳው ላይ ሰው ስለማይመጣ የጽሕፈት መኪናዬን ወደ ቤት አምጥቼ ነበር። ማመልከቻውን ስጽፍ ልጅቷ ከበሩ በስተጀርባ ቆማ ሳንቃውን በመዳፏ ትመታለች። «ነይ ግቢ» ትላለች። ትመታለች፣ «ነይ ግቢ» ትላለች። ድምፁ የእናቷ ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ መንገድ ስትጣራ የምታወጣው ረጅም ድምፅ። ከጠዋት እስከ ማታ።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ወደ ማጀት ሄዳ ጆሮዋን ትይዝ ነበር። እኔ ግን ተጽናናሁ። ቤቷን ወዳለች፣ እኛንም ወደ ውስጥ ትጠራናለች አልኩ። ለጎረቤትም እንዲሁ ነገርኩ። ከዚያም አልፌ ማመልከቻው ላይ አሰፈርኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ስለነበር፦ «ሕፃኗ ራሷም ‹ነይ ግቢ› እያለች ከቤት መውጣትን የማትሻ መሆኗን በአንደበቷ ስለምትገልጽ፣ ተዘግቶባት መኖሩ ለጠባይዋ ተስማሚ መሆኑ ታውቆ…»

ባለቤቴ ማንበብ አትችልም፤ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። «ለሰው ልጅ ሁሉ ሲጽፉ እንዲህ ነው የሚጽፉት?» አለችኝ። እንዴ፣ ምን ጎደለው አልኳት። «ምንም አልጎደለውም፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ማመልከቻው ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም።

በነሐሴ መጨረሻ ከኖፓ አንዲት የባለቤቴ ዘመድ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከኦሮምኛ በስተቀር የማይናገሩ ሴት ናቸው። አዴ እንላቸው ነበር፤ በእኛ አገር ትልቅ ሴትን በአክብሮት የምንጠራበት ነው። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ስለነበር ውሃ ሊቀዱልን፣ እንጨት ሊያመጡልን ነው የመጡት። መጀመሪያ ትኩር ብለው ሲያዩኝ ያልኩት ሁሉ አልገባቸው ይሆናል ብዬ ቀስ እያልኩ አስረዳቸው ነበር። ሳያቋርጡኝ ያዳምጡኝና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

እሳቸው ምግብ ለልጅቷ የሚያስገቡት ሆኑ። አራተኛው ወይ አምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ባዶ ሳህን ይዘው ወጡና መወርወሪያውን ሳይመልሱ ፊቴ ቆሙ።

«ኢሺን አላ ጄቲ» አሉኝ። ውጭ ነው የምትለው ማለታቸው ነው።

ሳቅሁ። «ነይ ግቢ» ማለት ወደ ውስጥ ግቢ ማለት እንደሆነ፣ በኦሮምኛ «ገሊ» እንደምንለው፣ እሳቸው አማርኛ ስለማያውቁ መሳሳታቸው እንደማያስነቅፋቸው ነገርኳቸው። የግሱንም እርባታ ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

«ጋሼ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ «እርስዎ አፏን ነው የሚሰሙት። እኔ አማርኛው አይገባኝም፤ ስለዚህ እግሯን ነው የማየው። ይህን ቃል ስትል እግሯ ወዴት ነው የሚሄደው?»

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ልፈትነው አልኩ። ትምህርት ቤት ሳልገባ እዚህ የደረስኩት ሳላረጋግጥ ስለማላምን ነው። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። ልጅቷ በእኔና በአዴ መካከል አልፋ፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ ወደ ጓሮ ወጣች። ዝናብ ነው። ከኮባው ሥር ቆማ ቅጠሉ ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አንድ በአንድ በመዳፏ ትቀበል ጀመር። «ነይ ግቢ» አላለችም። ቆጠርኩ፣ ጠበቅሁ፤ ምንም አላለችም። እጇን ይዤ መልሼ አስገባኋት። በሩ ሳይዘጋ «ነይ ግቢ» አለች። አወጣኋት፤ ዝም አለች። ሦስተኛ ጊዜ አስገባኋት፤ «ነይ ግቢ» ብላ በሁለት መዳፏ ደረቴን መታችኝ። አዴ ሳህኑን እንደያዙ «ይበቃል ጋሼ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ልጅቷ ይህን ቃል የሰማችው ውጭ ሆና ብቻ ነው። ሣር ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ደስ ሲላት፣ እናቷ ከደጃፍ «ነይ ግቢ» ብላ የምትጠራት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ያ ቃል የውጭ ስም ሆነላት። ሦስት ወር ሙሉ ሳንቃ እየመታች አውጡኝ ስትለኝ እኔ ቃሏን በማስረጃነት ጽፌ መታሰሪያዋ አደረግሁት።

በረንዳዬ ላይ የማላውቀው ገበሬ እንኳ ቢመጣ «ምን ፈልገህ ነው?» ብዬ እጠይቀው ነበር። ልጄን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃትም «ምን ፈልገህ ነው?» ነበር የምትለኝ፤ ግን ለመጠየቅ ሌላ መንገድ እንዳለ አማርኛ የማያውቁት አሮጊት አሳዩኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዝኩ። የምችለው አንድ ነገር መጻፍ ነውና ደብተር ገዛሁ። በግራው ገጽ የምትለውን፣ በቀኙ ገጽ እግሯና እጇ የሚያደርጉትን ጻፍኩ። «ትጠጫለሽ?» ስትል ጠምቷታል። «ትወድቂያለሽ» ስትል ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት ፈልጋለች። «ዝም በዪ» ስትል ጩኸት አሟታል፤ ስታለቅስ እንዲያ ስለምንላት። አንዱ ቃል ግን የቀኙ ገጽ ባዶ ሆኖ ቆየ። «እግዜር ይማርሽ» ትል ነበር፣ ቀን በቀን። እንግዶች ይህን ሲሰሙ የተባረከች ልጅ ብለው ይመርቋት ነበር። አዴ ናቸው አሁንም ያዩት፤ ይህን ስትል ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ጆሮዋን በብርሃን አየነው። ውስጡ መግል ነበረው። እግዜር ይማርሽ የሚባለው የታመመ ሰው ነው፤ አመመኝ ማለቷ ነበር። እኔ የምቆነጥጠው ያንኑ ጆሮ ነበር። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ በጃንጥላ ሸፍኜ፣ በጓሮ መንገድ፣ ሹሙ እንዳያዩን። ድሬሰሩ ጠብታ ሰጠን፤ በሳምንቱ ቃሉ ቀረ።

መስከረም አለቀ። ፀሐይ ወጣች፤ ከጎሬ በኩል ጭነት መኪኖች ተሰሙ። ሹሙ መልእክተኛ ላኩብኝ። የቡና መኪና ቅዳሜ እንደሚነሣ፣ ማመልከቻውን ይዤ እንድቀርብ። ባለቤቴ የልጅቷን ልብስ አጥባ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ስታጥፍ አየሁ። ዓይኗን አንሥታ ብታየኝ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

አርብ ጠዋት ሁለት ወረቀት ይዤ ቀረብኩ። አንደኛው የድሮው ማመልከቻ ነው፣ ያ ጥሩው። ሁለተኛው አዲስ ነበር። ልጅቷ እንደማትሰድብ፣ የምትናገረው የሌላ ሰው ቃል ቢሆንም ሐሳቡ የራሷ እንደሆነ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በአውራጃው በሌላም ቤት ተዘግተው ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ መንግሥት አንድ ክፍልና አንድ አስተማሪ ቢመድብ እኔ ያለ ደመወዝ ደብተሬን ይዤ እንደማግዝ ጽፌ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማመልከቻ ያቀረበ ሰው በኢሉባቦር አለመኖሩን በድፍረት እናገራለሁ። በአገሩ ሁሉም ላይኖር ይችላል።

ሹሙ ሁለተኛውን አነበቡ። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። የጠጁን ነገር የጻፍኩበት ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ስለዚህ ‹ትጠጫለሽ› ያለችኝ ጠምቷት ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እኔን አይደለም?»

«እርስዎን አላየችም ጌታዬ። ብርሌውን ነው ያየችው።»

ይህ ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ፤ ሳይታዩ መቅረትም ለሹም ከባድ ነው። ቆይተው የበሽታውን ስም ጠየቁኝ። ስም የለውም አልኩ። እብደት ነው? አይደለም። ዱዳነት? አይደለም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«ስም የሌለውን ነገር መዝገብ ቤት አይቀበልም» አሉ። «አስተማሪ የሚባለውን እርሳው። እብድ ካልሆነች ግን ሆስፒታል ልኬ ለምን ላክህ አልባልም። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ብታደርግስ? ማነው የሚጠየቀው? ዋስ ጥራ።»

ዋስ በአገራችን ማን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ዘመድ ነው፣ ወይ ንብረት ያለው ጎረቤት። ከበረንዳው ወርጄ ወደ ከተማው ሄድኩ። የባለቤቴን ወንድም ጠየቅሁ፤ ጠበል ካልተወሰደች አልፈርምም አለ። ካስፈታኋቸው ሰዎች አራቱን ጠየቅሁ። ሁሉም አክብረው ተቀበሉኝ፤ ለነፍሰ ገዳይ ቢሆን ኖሮ እንፈርም ነበር፣ የሰውን ጠባይ እናውቀዋለን፣ የእሷን ግን አናውቀውም አሉኝ። ባለሱቁ ሊፈርሙ ተነሥተው ሚስታቸው ከጓዳ ጠሯቸውና ዓይናቸውን ሳያነሡ ተመለሱ። አዴ አውራ ጣታቸውን አውጥተው ተከተሉኝ። የሹሙ ጸሐፊ ግን፣ ቤት የሌላት ሴት ዋስ አትሆንም ብሎ መለሳቸው። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሹሙ ፊት ቆምኩ።

«እኔው ዋስ ልሁን» አልኩ።

«አባት ነህ፤ አባት ዋስ አይሆንም።»

«ሌላ የለም ጌታዬ።»

ሹሙ ጸሐፊውን እንዲጽፍ አዘዙት። ጸሐፊው የሚጽፈው ስሕተት ስለበዛበት ብዕሩን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት፤ እሳቸው እየነገሩኝ። ልጅቷ ከቤት በወጣች ቁጥር አባቷ ከክንድ ርቀት እንዳይለይ፤ ከተለየና ጥፋት ቢደርስ ራሱ እንዲታሰር፣ ከበረንዳውም እንዲነሣ፤ ግዴታው እሷ በሕይወት እስካለች የጸና እንዲሆን። የመጨረሻዋን ሐረግ እሳቸው «እስከምትድን» ነበር ያሉት። እንደማትድን ስለማውቅ እኔ ነኝ ያቃናሁት። ፈረምኩ። በበረንዳው በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ካወጣኋቸው ጽሑፎች ጥርት ያለው ያ ነው።

ቅዳሜ የቡናው መኪና ያለ ልጄ ሄደ። ባለቤቴ ሳጥኑን ፈታች።

ከዚያ ያለው ኑሮዬ ይህ ነው። ጠዋት «ነይ ግቢ» ትላለች፤ በሩን እከፍታለሁ፤ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ እንሄዳለን። እሷ ከፊት፣ እኔ በአንድ ክንድ ርቀት ከኋላ። የወንዙ ድልድይ ላይ ቆማ ውሃውን ታያለች፤ ስትጨርስ ትመለሳለች። ስትጨርስ ማለት አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ ጠብቀው ጠብቀው ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄዱ። ከጎሬ የጸሐፊነት ሥራ ሰጥተውኝ ነበር፣ ደመወዝ ያለው፣ ወንበሩ የክንድ መደገፊያ ያለው፤ ልጅቷ ሌላ መንገድ አትሄድምና አልሄድኩም። አብረውኝ በረንዳ ላይ የነበሩት፣ እኔ ፊደላቸውን ያቃናሁላቸው፣ ዋና ጸሐፊ ሆነው በመኪና ሲያልፉ ጃንጥላ ይዤ ድልድይ ላይ ቆሜ ያዩኝ ነበር። ከእነሱ ማንኛቸውም አይበልጡኝም። ግን እነሱ ይሄዳሉ፤ እኔ እቆማለሁ።

ደብተሬን በየቦታው ቀድቼ ሰጠሁ፤ ለባለሱቁ፣ ለድሬሰሩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። ባለሱቁ የሰጠኋቸውን ቅጂ ከሚዛናቸው አጠገብ ሰቅለውት ነበር፤ ልጄ «ትጠጫለሽ?» ስትላቸው «ኸረ እጠጣለሁ እቴ፣ አንቺም ጠጪ» እያሉ ውሃ ይሰጧት ነበር፣ የሱቁ ሰው እስኪስቅ። አንዲት እናት ከያዮ ድረስ በበቅሎ መጥታ የራሷን ልጅ ነገረችኝ፤ ደብተሩን ቀድቼላት ይህ የእኔ ልጅ ቃል ነው፣ ያንቺን ልጅ አንቺ ተከትለሽ ጻፊ አልኳት። መጻፍ አልችልም አለች። እኔም ወደ ያዮ መሄድ አልችልም ነበር፤ ክንዴ ታስሯል። በመጣችበት በቅሎ ተመለሰች።

ሹሙ ተዛውረው ሌላ መጣ፤ ከእሱም በኋላ ሌላ። ለእያንዳንዳቸው የዋስትናውን ነገር አመልክቼ ነበር። ልጅቷን መልቀቅ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት ሁለተኛ ሰው ተጨምሮ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቦታዬን እንዲይዝልኝ ነው። አንዱ ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል የለም ብሎ ጻፈልኝ። ሌላው መልስ አልሰጠም። ቀጥሎ መንግሥቱም ተለወጠ፣ መዝገብ ቤቱም ተዛወረ፤ የፈረምኩበት ወረቀት የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ልጄ ዛሬ ጠጉሯ ሽበት ይዟል። አዴ ሞተዋል፤ ባለቤቴም። ሁለተኛው ልጄ የሚኖረው ሩቅ ነው። መንገዱን አሁንም ጠዋት ጠዋት እንወጣለን፤ ግን ጉልበቴ ከድቶኛል። እሷ እንደ ድሮዋ ትሄዳለች፤ ለእኔ ብላ አትቆምም፣ መቆም እንዳለባትም የሚነግራት ቃል በደብተሬ የለም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለው ድንጋይ ስደርስ እቀመጣለሁ። ከዚያ ጀርባዋን አየዋለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ክንድ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ ትሰወራለች። በእጄ የጻፍኩትን ግዴታ በየቀኑ እያፈረስኩ ነው። እስከ ዛሬ መጥቶ የጠየቀኝ የለም፤ ነገ እኔ ድንጋዩ ላይ ባልኖር የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም፣ እሷን የሚከተልም አላውቅም።